ሌላ ችሎታ ካለዎት

አርባ ሜትር ሽቅብ፣ ከመስታወት ቤቴ፣
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰማይ ነው መሬቴ።
ግዲኒያ ከሥሬ፣ ባልቲክ ከፊት ለፊት፣
ጭጋጉን ሰንጥቆ መርከብ ሲመጣ ሌሊት፣
ሠላሳ ቶን ብረት በሁለት ጣት ስቤ
አወርደው ነበረ ትንፋሼን ሰብስቤ፤
ከሥር የቆመው ሰው ኮቴውን ሳይሰማ፣
ውስጡ ያለ ብርጭቆ እንቅልፉን ሳይቀማ።

አንድ ማክሰኞ ግን ኮምፒዩተር መጣና
ወንበሬ ላይ ወጣ፤ እኔ ወረድኩና
«እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ ግራዢና።»
አበባ ሰጡኝ። ኬክ ቆረሱ። ደህና።

ሥራ አገናኝ ቢሮ። ወረፋዬ ሰባ።
ደጅ ስጠና ውዬ ዘጠኝ ላይ ስገባ፣
ቶቢያሽ የሚባል ልጅ፣ ፊቱ ብጉር ያበባ፣
«ሲቪዎ ረዝሟል» አለኝ፣ «አንድ ገጽ ይበቃል፤
‹ብርጭቆው አይሰማም› ያሉት ይሰረዛል፤
‹ከሰው ጋር እግባባለሁ› ቢባል ይሻላል።»
ሰው? እኔ ሰው የማውቅ ከላይ ወደ ታች ነው፤
ቢጫ ቆብ ነው ለኔ፣ ረጅም ጥላ ያለው።
ቢሆንም ሰረዝኩት። ለሱም ሥራው ነው።

አርባ አንድ ማመልከቻ።
ድሮ ሰማይ ብቧጥጥ ደመወዝ ነበረው፤
አሁን ምድር ስቧጥጥ ጥፍሬ ነው የቀረው።
ዓሣ ፋብሪካው «ቡድናችን ወጣት ነው» አለ፤
ሱፐርማርኬቱ ዕድሜዬን አየና ዘለለ፤
መጋዘኑ «ፋይልዎ በክብር ተቀምጧል» አለኝ፣
(በክብር የሚቀመጥ ሬሳ ነው መሰለኝ።)
አንዱ «ግራሺና» ብሎ፣ አንዱ «ክቡር አቶ»፣
አንዱ ፖስታው ብቻ፣ ማስታወቂያ ገብቶ።

ድል ጨርሶ አልጠፋም፤ ይገኛል ፍርፋሪ፦
የሃሊና ፕሪንተር፣ ያ ወረቀት አሳሪ፣
በሹካ ባክመው ሳሉ ለቀቀው፤
ልጇ ቀንቶ አየኝ፣ እሱም አልቻለው።
ደግሞ አንድ «አዝናለሁ»፣ በእጅ የተጻፈ፣
ስሜ ከነነጥቡ፣ አንድ ያልተገደፈ፤
ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። እምቢታ ነው፤ ያምራል።
ማታ ውኃ ስቀዳ ዓይኔ እሱን ይፈልጋል።

በየካቲት ብርድ፣ ድንች እየላጥኩ ሳለሁ፣
ስልኬ ጮኸ፤ በክርኔ አነሣሁ።
«ቲያትር ቤት ነው። ገመድ ሳቢያችን
ክንዱ ተሰብሮ ቀረ፤ ቀርቧል ትርዒታችን።
ከፍታ ይፈራሉ?»
ሳቅኩኝ፤ ድንቹ ከእጄ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።
ሴትዮዋ ጠበቀች። ሳቄ ግን አልቆም አለ።

ሦስት ሳምንት ብቻ። ከመጋረጃው ኋላ፣
ከገመድ፣ ከአቧራ፣ ከጨለማው ጥላ፣
የካርቶን ጨረቃ፣ ሦስት ኪሎ ክብደቷ፤
ቀጭን ክር ይዟታል፤ ይንቀጠቀጣል ፊቷ።
ከባድ ነገር ያርፋል፤ ቀላል ነው አስቸጋሪው፤
በሩን ከፈት ሲያደርግ አንድ አርፋጅ ገቢው
ትዞራለች፤ ጀርባዋ ላይ «ሙዝ» ይላል ጽሑፉ።
የሙዝ ሣጥን ናት ለካ፣ ከወደብ መትረፉ፤
እኔው ሳላወርደው አልቀረሁም ያኔ፣
በዚያ ደጉ ዘመን፣ በወንበሬ፣ በቀኔ።

በመጀመሪያው ምሽት
ተዋናይዋ ስታወራ ለሟች ወንድሟ፣
ለቀቅኳት ቀስ ብዬ። ወረደች በአቅሟ፤
ጣት በጣት፣ ትከሻዋ ድረስ።
አዳራሹ ሙሉ ዝም።
ተዋናይዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችም።
ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም።

የሰውየው ክንድ ዳነ። ደስ አለኝ፤ ደግሞም ከፋኝ።

ሰኞ። ቢሮው። ወረፋ ሃምሳ ሁለት።
(ካለፈው ይሻላል።)
ቶቢያሽ ቅጽ ገፋልኝ። ከግርጌው፣ በትንሽ ፊደል፣
«ሌላ ችሎታ ካለዎት» ይላል።
ጻፍኩ፦
ጨረቃ አወርዳለሁ፣ ድምፅ ሳላሰማ።
ካስፈለገም ሠላሳ ቶን።

ቶቢያሽ አነበበው። እስክሪብቶውን አነሣ።
መስኮቱን አየ፤ ከሩቅ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ፣
ሰው የሌለው ክሬን ወደ ባሕሩ ሲዞር።
እስክሪብቶውን አስቀመጠ።
አልሰረዘውም።